የሚጡ ገጽ ሲዛወር

እህቴ፣

ይህ ደብዳቤ ሥራ ላይ ሆነሽ ከደረሰሽ ኪስሽ ክተችውና ቤትሽ ገብተሽ፣ ጫማሽን አውልቀሽ፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ያስቸግርሻል? ቀኑን ሙሉ ሜዳ ላይ ስትቀይሱ መዋል ፊትሽን አልጎዳውም? ምሳ የሚባል ነገርስ ትበያለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ በዳቦ ቁራሽ ነው ቀኑን የምትገፊው? እኛ፣ ናፍቆትሽ ከሕመም ካልተቆጠረ፣ ደህና ነን። እማዬ ደህና ናት፤ ዓይኗ ትንሽ ደከመ እንጂ አንደበቷን ዕድሜ አልነካውም። ባለቤቴም ሰላም በያት ብሎኛል። እንደምታውቂው እሱ ሰላምታውንም ቆጥቦ ነው የሚልከው።

ለምን አትደውይም እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ስልክ ላይ አንቺ ዝም ስትዪ እኔ ዝምታሽን ልሙላ ብዬ እቀባጥርና ዋናው ነገር ሆዴ ውስጥ እንዳለ ስልኩ ይዘጋል። ወረቀት ላይ ግን ዝም ብትዪኝም እቀጥላለሁ። ደግሞም የምነግርሽ ነገር ከመሃል ከተሰማ የሚያጣላ ነው። ከሥሩ ሰምተሽ ከተጣላሽኝ ግን ይገባኛል።

ነገሩ የጀመረው በዝውውር ነው። ለወላጆች ስለ ልጆች ጤና ምክር የምንሰጥበት ድረ ገጻችን የሚገኝበት ኮምፒውተር የእኛ ሳይሆን የሌላ ድርጅት እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ተከራዮች ነን። ያ ድርጅት ሥራውን ሊዘጋ ስለሆነ ተከራዮቹ ሁሉ ጓዛቸውን ይዘው ወደ ሌላ እንዲሄዱ አስታወቀ። ቢሮ ውስጥ ይህን ሥራ የማውቀው እኔ ብቻ በመሆኔ የሁሉም ዓይን ወደ እኔ ዞረ። አንቺ ከተማ ከለቀቅሽ ወዲህ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጥተውልናል። ደግ ሰው ናቸው፤ ትዕግሥት የሚባል ግን አልፈጠረባቸውም። ሲስተር፣ ያቺ ስልክ እያነሳች ወላጆችን የምታማክረው የልጆች ነርስ፣ «ቶሎ ቶሎ» የሚል ስም አውጥታላቸዋለች። ሳይሰሙ አልቀሩም፤ ተቆጥተው ግን አያውቁም።

ቶሎ ቶሎ ታዲያ የዝውውሩን ነገር ሲሰሙ ደስ አላቸው። እግረ መንገዳችንን መልኩንም እንቀይረው፣ ረጃጅሞቹን አድራሻዎች እናሳጥራቸው፣ ያረጁትን ገጾች እንጣላቸው አሉ። እኔ ደግሞ ቤት ስንቀይር ስማችንንም መልካችንንም አብረን ከቀየርን ማን ያውቀናል ብዬ ተከራከርኩ። ስብሰባው ከረረ። «ዕቃ ስንጭን የተሰበረ ወንበር ለምን ተሸክመን እንሄዳለን?» አሉኝ። «ሰዉ ሁሉ የሚቀመጠው እርስዎ ተሰበረ ባሉት ወንበር ላይ ነው» አልኳቸው። ሲስተር ሳቋን ለማፈን የሳለች አስመሰለች፤ ከዚያም ወደ መስኮቱ እያየች፣ ለማንም እንዳልሆነ ነገር፣ ቶሎ ቶሎ ቤት ግድግዳው ሰንበሌጥ ነው ብላ ተረተች። ሰውየው ቅኔው ገባቸው መሰለኝ ፈገግ አሉ። በመጨረሻም አድራሻ ሳይነካ፣ አንድም ገጽ ሳይጣል፣ እንዳለ ይዛወር፤ ማስዋቡ በኋላ ይደርሳል ተባለ።

ለምን እንደዚያ እንደተሟገትኩ ለአንቺ ማስረዳት አይገባኝም ነበር። ግን ልበለው። ልጁ የታመመበት ወላጅ የእኛን ስም አስታውሶ አይመጣም። የጨነቀውን ነገር ኢንተርኔት መፈለጊያው ላይ ይጽፍና ከፊቱ ከሚደረደሩት የመጀመሪያውን ይከፍታል። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን የሚከፍት ሰው ጊዜ ያለው ነው። የእኛ ገጾች ከላይ የተቀመጡት ለብዙ ጊዜ ሰው ስላነበባቸው፣ ሆስፒታሉም ትምህርት ቤቱም «እዚያ ሄዳችሁ አንብቡ» እያለ ስለጠቆማቸው ነው። በዝውውር መሃል የአንዲት ገጽ አድራሻ ከተበላሸች ያ ሁሉ ጥቆማ ሄዶ ባዶ ቤት ያንኳኳል። መፈለጊያውም ቤቱ ባዶ ነው ብሎ ወደ ታች ይጥላታል። አንዴ የወደቀ ገጽ ደግሞ እንደ ወደቀ ስም ነው፣ ለማንሳት ዘመን ይፈጃል።

ከገጾቹ ሁሉ ብዙ ሰው የሚያነበው የቱ እንደሆነ ታውቂያለሽ። አንቺ የጻፍሽው ነው። ልጅሽን ሚጡን ቀብረን ከተመለስን በኋላ ኮትሽን ሳታወልቂ የኩሽናችን ጠረጴዛ ጋ ቁጭ ብለሽ፣ አንቺ ስትናገሪ እኔ እየጻፍኩ የተጻፈው። ሳንቲም የምታክል ክብ ባትሪ እንደዋጠች፣ ማንም እንዳላየ፣ ጉንፋን መስሎን እንደጠበቅን። «አትጠብቁ» የሚለውን ደጋግመሽ አስጻፍሽኝ። አንዴ ብቻ ልተወው ስል «አይ፣ እንደገና ጻፊው» አልሽኝ። ከላይ የሚጡ ሙሉ ስም፣ ከታች ያንቺ ሙሉ ስም፣ በመሃል ያቺ በቢጫ ቀሚስ የተነሳችው ፎቶ። ባትሪ የዋጠ ልጅ ይዞ መፈለጊያውን የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነበር። ስለዚህ ዝውውሩ ለሌላው ሰው የቢሮ ሥራ ቢሆንም ለእኔ ሚጡን አቅፌ ወንዝ እንደመሻገር ነበር የሆነብኝ።

ሁሉንም አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ገልብጬ፣ ሰው ሳያየው አስቀድሜ ሞከርኩት። የሙከራው ቅጂ ከእውነተኛው ጋር እንዳይምታታ መፈለጊያውን «ይህን አትመዝግብ» የሚል ምልክት በጠቅላላው ድረ ገጽ ላይ አደረግኩ። ገጾቹን አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን እየከፈትኩ አስተያየሁ። በዚያ ሰሞን ምክንያቱ ሳይገባኝ ጠዋት ጠዋት ያቅለሸልሸኝ ነበር፤ በጭንቀቴ አሳበብኩት። ሲስተር አንድ ሁለቴ አየት አድርጋኝ፣ ምንም ሳትጠይቅ ደረቅ ብስኩት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ሄደች።

የተዛወርነው ሰው በማይበዛበት በእሑድ ጠዋት ነው። ምልክቱን አነሳሁ፣ ስማችን ወደ አዲሱ ኮምፒውተር እንዲያመለክት አደረግኩ፣ አሮጌውንም ለጥቂት ጊዜ እንዳይዘጉብን አስፈቀድኩ። ከሁሉ በፊት የከፈትኩት ያንቺን ገጽ ነው። ተከፈተ። ፎቶዋም አለ። መፈለጊያው ላይ «ልጅ ባትሪ ዋጠ» ብዬ ስጽፍ እንደ ድሮው ከላይ ተቀምጧል። ቶሎ ቶሎ ቤተሰባቸውን ጥለው መጥተው ከኋላዬ ቆመው ነበር። ትከሻዬን መታ መታ አድርገው አመሰገኑኝ። ምስጋናቸው ግን እንደ ልማዳቸው ቶሎ የሚያልቅ አልነበረም፤ አንድ ነገር ሊሉ ፈልገው የተዉት ይመስል ነበር። ያኔ ልብ አላልኩትም።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ቢሮ ስገባ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ እሱን ማየት ሥራዬ ሆነ። ለጥቂት ቀን ሁሉም ነገር ሰላም ነበር። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው፤ አንድ ቀን ጠዋት ስጽፍ ያንቺ ገጽ የለም። ሁለተኛ ላይ የለም። ወደ ታች ወረድኩ፤ የለም። ሌሎቹ ገጾች ትንሽ ወዲህ ወዲያ ቢሉም በየቦታቸው አሉ፤ ያንቺ ብቻ እንዳልነበረ ጠፍቷል። በቦታው ደግሞ ማን እንደጻፈው የማይታወቅ፣ ግማሹ ማስታወቂያ የሆነ ገጽ ወጥቶ ተቀምጧል። ምን ይላል መሰለሽ? ባትሪው በራሱ ጊዜ ይወጣል፣ ጥቂት ቀን ታግሣችሁ ጠብቁ ይላል። ጠብቁ። እህቴ፣ ይህን ሳነብ ከወንበሬ ተነስቼ መቆሜን ያወቅኩት ሲስተር ምን ሆንሽ ስትለኝ ነው።

ቶሎ ቶሎ ጋ ሄጄ ነገርኳቸው። ከዝውውር በኋላ መዋዠቅ ያለ ነው፣ ራስሽ አይደለሽም ወይ የነገርሽን፣ ትንሽ እንታገሥ አሉኝ። ያ ትዕግሥት ያልፈጠረባቸው ሰው! መዋዠቅ ገጽን ዝቅ ያደርጋል እንጂ ከነአካቴው አያጠፋም አልኳቸው። ዓይኔን ሳያዩ ወረቀታቸውን ማገላበጥ ጀመሩ። እኔ ግን በእሳቸው የምቆጣበት ጊዜ አልነበረኝም፤ የተቆጣሁት በራሴ ነው። የሆነ ቦታ አንድ ነገር ሰብሬያለሁ ብዬ አመንኩ። አድራሻውን መረመርኩ፣ ደህና ነው። ወደ ገጹ የሚመሩትን ሊንኮች አንድ በአንድ ነካካሁ፣ ሁሉም ይከፈታሉ። የሙከራው ምልክት ሳይነሳ ቀርቶ እንደሆነ አየሁ፣ ተነስቷል። አዲሱ ድርጅት ጋ ደወልኩ፣ በእነሱ በኩል ምንም እንደሌለ ነገሩኝ። እንቅልፍም ምግብም አልስማማኝ አለ። ባለቤቴ እራት ላይ ሹካዬን ይዤ ስፈዝ አይቶ ሳህኔን በዝምታ ወደ እኔ ይገፋው ነበር።

በዚህ መሃል ነው ያ ስልክ የመጣው። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ያነሳችው ሲስተር ናት። የእኔ ጠረጴዛ ከእሷ ፊት ለፊት ስለሆነ ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁት። አንድ አባት ነው። ልጁ ጠዋት ከአንድ መጫወቻ ውስጥ የወጣች ባትሪ እንደዋጠች ታላቅ ወንድሟ ነግሮታል። አባትየው መፈለጊያውን ጠየቀ፤ ጠብቁ የሚለውን አነበበ፤ ጠበቀ። ልጅቷ ግን ለሃጯ ይዝረበረብ ጀመር፣ ውሃም አልዋጥ አላት። ስልካችንን ያገኘው የክትባት ቀን ማስታወሻ ብለን ካደልነው፣ ማቀዝቀዣው በር ላይ ከተለጠፈ ወረቀት ነው። ሲስተር ድምፅዋን ሳትቀይር ተናገረች። «አባት፣ ስማኝ። ልታስመልሳት አትሞክር። አሁን ስልኩን ዝጋና ልጅቷን ይዘህ ወደ ሆስፒታል ሂድ። ጫማ እንኳ አትፈልግ። በር ላይ ባትሪ ውጣለች በላቸው።» ስልኩን ስታስቀምጥ ቀና ብላ ወደ እኔ አየችና ያንቺ ገጽ እንደጠፋ አስታወሰች።

ቶሎ ቶሎ ነገሩን በክፍት በራቸው ሰምተው ኖሯል፣ ወጥተው ከሲስተር ጠረጴዛ አጠገብ ቆሙ። ፊታቸው አመድ መስሏል። ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ወደ ክፍላቸው ገቡ።

እኔ ወደ ኮምፒውተሬ ተመለስኩ። እስከዚያ ድረስ ዙሪያውን ነበር የምፈልገው፤ አጥሩን፣ መንገዱን፣ በሩን። ገጹ ራሱ እኔ በእጄ የጻፍኩት ስለሆነ እሱን መጠርጠር አልመጣልኝም። አሁን ግን ከሥር ያለውን፣ አንባቢ የማያየውን ጽሑፍ ከፍቼ መስመር በመስመር ወረድኩ። አገኘኋት። «ይህን ገጽ አትመዝግብ» የምትል አንዲት መስመር። ከሙከራው የቀረች አይደለችም፤ ያቺ በጠቅላላው ነበረች፣ ተነስታለች። ይህች ያንቺ ገጽ ላይ ብቻ፣ ሰው ሆን ብሎ ያስገባት ናት። አድራሻውን በቃሉ የሚያውቅ ሰው ይገባል፤ የሚፈልግ ሰው ግን አያገኘውም። ማን እንዳስገባት ማየት አያስቸግርም። የቶሎ ቶሎ ስም ነው የወጣው። ያስገቧትም ዝውውሩ በተደረገበት በዚያው እሑድ ነው።

ሳላንኳኳ ገባሁባቸው። እንዲህ ያለ ድፍረት ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፤ አንቺ ብታዪኝ የእማዬን ድምፅ ትሰሚ ነበር። ልጅ ልትሞት ነበር አልኳቸው። ከእርስዎ ጋር በወንበር ተጨቃጨቅን፣ ተሸነፉ፣ ታዲያ ተደብቀው የሚሰብሩት ለምንድን ነው አልኳቸው። ስልካቸውን በእጃቸው ይዘው ተቀምጠዋል፤ ለሰው ለመደወል አስበው ያቃታቸው ይመስላሉ። ተነስተው በሩን ዘጉት። ከዚያ፣

«የጠየቀችኝ እህትሽ ናት» አሉኝ።

ወንበር ስበው አስቀመጡኝ። ዝውውሩ ሊደረግ ሰሞን እንደደወልሽላቸው ነገሩኝ። ለእኔ እንዳይነግሩኝ ቃል አስገብተሻቸዋል፤ ምስጢርሽን ያወጡት እያፈሩ ነው፣ አትቀየሚያቸው። አዲሱ ሥራሽ ላይ እንዴት ደስ ብሎሽ እንደጀመርሽ፣ ከሥራ ባልደረቦችሽ አንዷ ስምሽን መፈለጊያው ላይ ጽፋ ያን ገጽ እንዳገኘች፣ በማግስቱ ስትገቢ የሁሉም ድምፅ ዝቅ እንዳለ ነገሩኝ። እስከዚያ ይቀልዱብሽ ነበር፤ ቀያሽ ሆነሽ መንገድ የምትስቺ እያሉ ያስቁሽ ነበር። ከዚያ በኋላ ቀልድ ቀረ። የሚያዝንልሽ ሰው እንጂ የሚስቅብሽ ጠፋ። አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚያገኘው ሞታችንን ነው አልሻቸው።

«አጥፉት ብትለኝ እምቢ እላት ነበር» አሉ ቶሎ ቶሎ። «ደብቁኝ ያለችን ሰው ግን እምቢ ማለት አልቻልኩም። አንቺ ለሙከራው ያደረግሽውን ምልክት አይቼ እሱኑ ገለበጥኩት። ስሟን የሚፈልግ ብቻ የማያገኘው መስሎኝ ነበር። ባትሪ ብሎ የሚፈልገውም እንደማያገኘው አላወቅኩም፤ እንዳልጠይቅሽ ደግሞ ቃል ገብቻለሁ።»

ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ሰው ይወጣል፣ ይወርዳል፣ እግሬን እየተሻገረኝ ይሄዳል። እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ የተናደድኩት በአንቺ ነው። ለማታውቂያቸው ሰውዬ ደውለሽ ለእኔ ሳትነግሪኝ! አብረን አልጻፍነውም? ቆይቶ ግን ለምን እኔን እንዳልጠየቅሽኝ ገባኝ። እምቢ እልሽ ስለነበር ነው። አትጠብቁ የሚለው ይብለጥ እል ነበር፤ አንቺ በየቀኑ ከማታውቂያቸው ሰዎች ፊት ሬሳ አቅፈሽ እንደምትቆሚ አላስብም ነበር። ገጹን ከላይ በማስቀመጤ እኮራ ነበር እህቴ። ከላይ ያስቀመጥኩት አንቺን ጭምር እንደሆነ አልታየኝም።

የዚያች ልጅ ወሬ የደረሰን በማግስቱ ነው። ሐኪሞቹ ባትሪውን አውጥተውታል። ጉሮሮዋ ተቃጥሏል፣ ለጊዜው የምትመገበው በቱቦ ነው፤ ግን ትተርፋለች ብለዋል። ሲስተር ይህን ስትሰማ ስልኩን እንደያዘች አለቀሰች።

እንግዲህ አሁን ያለ ፈቃድሽ ያደረግኩትን ስሚ። ያቺን መስመር አነሳኋት። ግን እንደነበረ አልተውኩትም። አድራሻውን ሳልነካ፣ ምክሩንም አንቺ እንደተናገርሽው አንድ ቃል ሳላጎድል ትቼ፣ ስሞቹን አወጣሁ። ከታች ያንቺ ስም በነበረበት «አንዲት እናት» የሚል ጻፍኩ። ፎቶውን አነሳሁት፤ እኔ ጋ አለ። ያንቺን ስም መሰረዝ አልከበደኝም። ከላይ የነበረው የሚጡ ስም ላይ ስደርስ ግን ጣቴ አልታዘዝ አለኝ። ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ከመቃብሯ ድንጋይ ሌላ ስሟ የተጻፈበት ቦታ ያ ብቻ ነው። ሲስተርን ጠርቼ አጠገቤ ተቀመጪ አልኳት። እጇን ጀርባዬ ላይ አድርጋ እያለች ነው የሰረዝኩት።

ከዚያ መፈለጊያው ተመልሶ እንዲያየው አመለከትኩና ጥበቃው ተጀመረ። በዚያ ሰሞን የነበርኩበትን ለጠላት አልመኝም። መጀመሪያ ከታች ብቅ አለ፣ ደግሞ ጠፋ፣ ደግሞ ከፍ ብሎ ታየ። ያ «ጠብቁ» የሚለው ገጽ እያለ ያንቺ ከሥሩ ሲውል፣ በመሃል ስንቱ ወላጅ የላይኛውን ከፍቶ ይሆን እያልኩ ስልክ በጮኸ ቁጥር እደነግጥ ነበር። ሆስፒታሉንም ትምህርት ቤቱንም ጥቆማችሁን እንዳታነሱ ብዬ ለመንኩ። ቶሎ ቶሎም ለሚያውቁት ሁሉ እየደወሉ ለመኑልኝ። ባለፈው ሳምንት ቢሮ ስገባ ከላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ደስ አለኝ ልልሽ አልችልም። ለሦስታችንም ትንፋሽ መጣልን፣ ያ ነው።

ያ አባት ልጁን ይዞ ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ገጹን አንብቦ ቢሮአችን ድረስ መጣ። ይህችን እናት አሳዩኝ፣ እጇን ልሳም ብሎ ለመነኝ። አላውቃትም አልኩት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ካድኩሽ። ደህና አደረግሽ ትዪኝ ይሆን?

ስምሽንም ፈለግኩት። የመጣው ከባልደረቦችሽ ጋር መንገድ ስትቀይሱ የተነሳችሁት ፎቶ ነው። የራስ ቆብሽን አድርገሽ፣ ከፀሐዩ ዓይንሽን ጨፍነሽ፣ አፍሽን ከፍተሽ አንድ ነገር ስትናገሪ። የሆነ ሰው እየተቆጣሽ ነው መሰለኝ። ከሱ በስተቀር ምንም የለም።

አሁን ነገሩ በእጅሽ ነው። ስሟ ይመለስ ካልሽ እመልሰዋለሁ። እንዲህ እንዳለ ይኑር ካልሽ ይኖራል። የለም፣ ጨርሶ ዝጊው ካልሽም እዘጋዋለሁ፤ እያለቀስኩ እዘጋዋለሁ እንጂ እምቢ አልልሽም። ብቻ ከእንግዲህ ለሌላ ሰው ሳይሆን ለእኔ ንገሪኝ።

ይህን ሁሉ መጥቼ ፊት ለፊት ብነግርሽ ይሻል ነበር። አልቻልኩም። ሐኪሜ ለጊዜው ረጅም መንገድ ከልክላኛለች። በሽታ አይደለም፣ እንዳትደነግጪ። ለእማዬ እስካሁን ምንም አልነገርኳትም፤ አንቺ ሳትሰሚ ማንም እንዲሰማ አልፈለግኩም፤ ግን ስትራመጂ ቀስ በይ፣ ዕቃ አታንሺ ማለት ጀምራለች፤ የእናት ዓይን ቢደክምም ያያል። ለአንቺ እንዴት አድርጌ እንደምጽፈው ደግሞ ስንት ወረቀት እንዳበላሸሁ ባወቅሽ። ባለቤቴ፣ ያ ዝምተኛ፣ ባለፈው ቅዳሜ ጠመንጃ መፍቻና ፕላስተር ይዞ ቤቱን ሲዞር ዋለ። የቴሌቪዥኑን ሪሞት፣ የኩሽናውን ሚዛን፣ የመኪናውን ቁልፍ፣ ባትሪ ያለበትን ሁሉ ክዳኑን አጥብቆ አሸገው። ገና ነው እኮ፣ ብዙ ጊዜ አለን አልኩት። እሱ የግድግዳውን ሰዓት አውርዶ ክዳኑን ይፈትሽ ጀመር።

ቆርጠሽ እስክትጽፊልኝ አልቸኩልብሽም። ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ የምትቀይሺው መንገድ ሁሉ በሰላም የሚያስኬድ ይሁን። የሚያስቁሽ ሰዎች አይጡብሽ። እኔንም በጸሎትሽ አንድ ሰው ብቻ አድርገሽ አታስቢኝ።

ሁሌም ወዳጅሽ፣
ታናሽ እህትሽ